በድሬዳዋ አጠገብ ያለው የጃርት ዋሻ

ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያኽል በእግር የተጓዘ ሰው፥ የደቻቱን አሸዋማ ወንዝ ትቶ ገራድ ኤረር የተባለውን ኮረብታ ይወጣል። መንገዱ ረዥም ባይኾንም ደንጊያማና አቀበት ነው፤ ስለዚህ የቈላው ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ መነሣት ይሻላል። ከወንዙ 140 ሜትር ያኽል ከፍ ብሎ፥ ወደ ኮረብታው ራስ ሲቃረቡ፥ ፈረንሳዮች «ፖርኬፒክ» ያሉት ዋሻ አፉን ከፍቶ ይታያል። የስሙ ትርጓሜ ጃርት ማለት ነው።

ይህን ዋሻ ለዓለም ካስታወቁት ሊቃውንት ኹለቱ የካቶሊክ ካህናት መኾናቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1929 የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ቴያር ደ ሻርዳን አየው፤ በ1933 ደግሞ ቄስ አንሪ ብሬይ ከፓውል ቬርኔርት ጋራ መጥቶ ቈፈረ፤ በዚያም የጥንት ሰው የመንጋጋ ስባሪ ተገኘ። በግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ብሬይ መርምሮ ጽፎባቸዋል፤ ዛሬ ግን ደብዝዘው በጭንቅ ይታያሉ።

ከኹሉ የሚያስደንቀው ቀዩ ደንጊያ ነው። በ1975 እና በ1976 ተቈፍሮ የወጣው፥ ምርመራው በ2017 የታተመው ቀይ ቀለም የሚሰጥ ደንጊያ ቍጥሩ 4,213፥ ክብደቱም 40 ኪሎ ያኽል ነው። ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። ሰዎቹ ይህን እየፈቀፈቁና እየፈጩ ዱቄት ያደርጉት ነበር፤ መፍጫ ደንጊያዎቹም አብረው ተገኝተዋል። ግማሽ አካሉ በቀለሙ የተሸፈነ አንድ ድቡልቡል ጠጠርም አለ፤ መርማሪዎቹ እንደ ማኅተም ምልክት ሲያትሙበት የኖረ ሳይኾን አይቀርም ይላሉ። የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ለሚጽፍ ቁም ጸሓፊ ይህ ሥራ ፈጽሞ እንግዳ አይኾንበትም። ልማዱም በጥቂት በጥቂቱ እየተለወጠ ቢያንስ 4,500 ዓመት ያኽል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ቈይቷል።

ይህ ኹሉ ሊታወቅ የቻለው፥ እያንዳንዱ ቍራጭ ከየትኛው ስፍራና ከምን ያኽል ጥልቀት እንደ ወጣ ቈፋሪዎቹ ስለ መዘገቡ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የወደቀ ባልጩት አንሥቶ ለመታሰቢያ በኪስ መክተት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቀኑና ማኅተሙ የተቈረጠ ደብዳቤ ለመዝገብ ቤት እንደማይረባ፥ ከስፍራው የተነሣ ባልጩትም ምስክርነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ጎብኚ በበዛ መጠን ከመንገድ ሥራው ይልቅ የሚያስፈልገው ዋሻውን የሚያውቅ ጠባቂ ነው፤ ይህም ኮረብታውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሚያውቁት ባላገሮች ቢመረጥ፥ እንግዳውን እየመራ ይወጣል፤ ሲወርድም ኪሱን ያያል።