ከጉብኝቱ በፊት የእናት ቤት

ከውጭ አገር እኅት ወይም ወንድም ከነልጆቹ ሊመጣባችሁ ነው እንበል። መልእክቱ ገና ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ሽር ጉድ ይላል። ወዲያውም የጉዞ ዕቅድ ይወጣል። ላሊበላ ሁለት ቀን፣ ጎንደር ሁለት ቀን፣ ባሕር ዳር ሁለት ቀን። አያትስ? «እግረ መንገዳችንን ምሳ እንበላለን» ይባላል። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህች ምሳ ነው።

ነገሩ የደረሰው በእኔው ቤት ነው። ታላቅ እኅቴ ሆላንድ አገር ትዳር ይዛ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ባለቤቷ ሆላንዳዊ ሲሆን፣ የሚኖሩትም ከሮተርዳም አጠገብ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የ12 ዓመት ወንድ ልጃቸውንና የ9 ዓመት ሴት ልጃቸውን ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ መጡ። እናታችን የምትኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። የልጅ ልጆቿን በፎቶግራፍ እንጂ በዐይኗ አይታቸው አታውቅም ነበር። ያም ሆኖ በዕቅዱ ላይ ለእርሷ የተመደበላት አንድ ቀትር ብቻ ነበር።

እኅቴ ላይ አልፈርድም። በሆላንድ ልጅን በትምህርት ቀን አስቀርቶ ለሽርሽር መውሰድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ያስቀጣልም። የገና ዕረፍታቸው ደግሞ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። እኔ ግን በስልክ «እትዬ፣ መጀመሪያ ሦስት ቀን እማዬ ቤት እንቀመጥ፤ ጉብኝቱ ከዚያ ይጀምር» አልኳት። «ሦስት ቀን ሙሉ ምን ሊያዩ? ፍኖተ ሰላም ምን የሚታይ አለ?» አለችኝ። ይህን ያለችው ተወልዳ ስላደገችበት ከተማ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን የዓባይን በረሃ ወርደን ወጣን። ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፈን ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዝን በኋላ ሲመሽ ገባን። እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ልጆቹን አቅፋ ጉንጫቸውን እያገላበጠች ስማ ስማ አልጠግብ አለች። እነርሱ አማርኛ አያውቁም፤ እርሷም የእነርሱን ቋንቋ አታውቅም። ልጅቷ ደንግጣ እናቷ ጉያ ተሸሸገች።

ሌላም ያላሰብንበት ነገር ነበር። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው። እናቴ ትጾማለች፤ ነገር ግን «ልጆቹ ጾም አይፈቱበትም» ብላ ዶሮዎችና በግ ገዝታ፣ እንቁላልና ወተት አሰናድታ ጠበቀችን። እርሷ የሽሮ ወጧን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣ እያጎረሰች አበላቻቸው።

በማግሥቱ ከተማውን ለማየት በባጃጅ ወጣን። አማቻችን ስለ ስሙ ጠየቀ። ከተማው ቀድሞ ወጀት ይባል እንደነበር፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚህ በኩል አልፈው «ፍኖተ ሰላም»፣ የሰላም መንገድ ማለት ነው፣ ብለው እንደሰየሙት እኅቴ ነገረችው። ገበያ ገብተን የተከመረውን ቀይ በርበሬ፣ ጤፉን፣ ዳጉሳውንና በቆሎውን አዩ። ልጁ በርበሬውን ጠጋ ብሎ ሲያሸት ማስነጠስ ያዘውና ነጋዴዎቹ ሴቶች ሁሉ ሳቁ። እኅቴም ልጅ ሳለች ጨው ስትላክ የምትሮጥበትን መንገድ ለልጆቿ አሳየቻቸው። «የሚታይ ምን አለ?» ያለችው እርሷ፣ ያን ቀን ከሁላችን ይበልጥ ያየችው እርሷው ነበረች።

ማታ ቡና ሲፈላ አንዲት ጎረቤት ለእኔ በጆሮዬ የነገረችኝ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። እናታችን ለዚህ መስተንግዶ ስትል የዕቁብ ዕጣዋን ከሌላ ሰው ለምና ቀድማ ወስዳለች። በጉም፣ ዶሮውም፣ አዲሱ ብርድ ልብስና ፍራሽም የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። እኛ ሄደን ጉብኝታችንን ስንጀምር፣ እርሷ ለወራት ዕዳ ስትከፍል ልትኖር ነው።

ለእኅቴ ነገርኳት። አለቀሰች። ባሏ በበኩሉ ወዲያው የኪስ ቦርሳውን አወጣ። በእርሱ አገር ወጪን በግልጽ መካፈል ነውር አይደለም። ነገር ግን ያንን ብር በእንግዶች ፊት ቆጥሮ ቢሰጣት ኖሮ፣ እናቴን ከዕዳው የበለጠ ይጎዳት ነበር። ስለዚህ ጠዋት እኔ ዕቁብ ሰብሳቢው ዘንድ ሄጄ የቀሩትን ሳምንታት ከፈልኩ። ለእማዬ የነገርናት ከሄድን በኋላ ነው። ተቆጣች፤ ቆይታ ግን መረቀችን።

በሦስተኛው ቀን ከእማዬ ጋር ወደ ሰከላ ወረዳ፣ ወደ ግሽ ዓባይ ሄድን። ቁርስ ሳንቀምስ፣ ጫማችንን አውልቀን ወደ ጸበሉ ተጠጋን። አቡነ ዘርአ ብሩክ ወታደሮች ሊያስሯቸው ሲወስዷቸው መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውሃ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት እስራት በኋላ ሲመለሱ ሳይረጥቡ እንደተቀበሉ በትውፊት ይነገራል። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 ይህንን ምንጭ ለማየት መጥተዋል። ከዚህ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይም በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይወርዳል።

አማቻችን ዝም ብሎ ቆየ። የአገሩ መሬት ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሕሩ ግድቡን ጥሶ 1,836 ሰው ገድሎባቸዋል። «እኛ ውሃን እንከላከላለን፤ እናንተ ጫማ አውልቃችሁ ትቀርቡታላችሁ» አለ። ልጅቷ ደግሞ «ያ ሁሉ ዓባይ ይህች ትንሽ ውሃ ናት?» ብላ ጠየቀች። እኅቴ ስታስተረጉም እማዬ ፈገግ ብላ «ልጅም ሲወለድ ትንሽ ነው» አለቻት። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ የአያቷን እጅ አለቀቀችም።

ጉብኝቱ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ደርሰው ጣናንና ጢስ ዓባይን ሲያዩ ልጆቹ «የእማማ ውሃ» ይሉት ነበር። ጎንደርንም ያዩት እንደ ባዕድ አገር አልነበረም።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ለዘመድ የሚሰጠው የመጀመሪያው ቀን እንጂ የተረፈው ሰዓት አይሁን። ሁለተኛ፣ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ስለ ወጪ በግልጽ ተነጋገሩ። ከውጭ የምትመጡ እኅቶችም ለእናታችሁ መስተንግዶ የሚሆነውን አስቀድማችሁ በዘዴ ላኩ፤ «አይ፣ ሁሉ ሞልቷል» ብትል አትመኑ። ሦስተኛ፣ የጾሙን ጊዜ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። አራተኛ፣ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ዐሥር የአማርኛ ቃላት ይማሩ፤ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል። አምስተኛ፣ ስለ ጤና አስቡ። በፍኖተ ሰላም አካባቢ ወባ ስላለ ሐኪም ማማከርና አጎበር ማዘጋጀት ይገባል። ውሃ አፍልታችሁ አጠጧቸው። ግሽ ግን ደጋ በመሆኑ ሹራብ ያስፈልጋል።

እኅቴ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። በዚያው ዓመት ኮሮና ገባ፤ ቀጥሎም በሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ፍኖተ ሰላምም ሐዘን ደረሰባት። ወደዚያ ጉዞ የሚያስብ ሁሉ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ከአካባቢው ሰው መጠየቅ አለበት። ያን ጊዜ «ሌላ ጊዜ ረዘም አድርገን እንመጣለን» ብለን በአንድ ምሳ አልፈን ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሌላ ጊዜ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ስልኩ ሲገኝ ልጅቷ ከሆላንድ ሆና «እማማ፣ ቡና ፈላ?» ትላታለች። በዚያች ሦስት ቀን የተማረችው ነው። እናቴም «ፈልቷል፣ ነይ ጠጪ» ትላለች።

እናንተስ፣ ለእናታችሁ ስንት ቀን መድባችኋል?