ድመትም የስኳር ሕመም ይይዛታል፦ ኢንሱሊንን በቤት ውስጥ በጥንቃቄ መስጠት

በሬ ሲታመም ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይነዳል፤ ላም ወተቷ ሲቀንስ ባለሙያ ይጠራል። ጎተራውን ከአይጥ የምትጠብቀው ድመት ስትከሳ ግን ብዙዎቻችን “አርጅታለች” ብለን እናልፋታለን። ከዚህ አነጋገር ጀርባ ከሚደበቁት በሽታዎች አንዱ የስኳር ሕመም ነው። ሕመሙ ሕክምና ያለው ሲሆን፣ የሕክምናው ዋና ክፍልም የሚከናወነው በባለቤቱ እጅ፣ በቤት ውስጥ ነው።

ምልክቶቹ

ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊኑ በአግባቡ ምላሽ መስጠት ሲያቅተው ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል። በአብዛኛው የድመት ሕመም በሰው ላይ ከሚታየው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ጋር ይመሳሰላል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ የወፈሩና ከቤት የማይወጡ ድመቶች፣ በተለይም የተኮላሹ ወንዶች፣ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

የታመመች ድመት ውኃ አብዝታ ትጠጣለች፤ ሽንቷ ይበዛል፤ እየበላችም ትከሳለች። ሕመሙ ነርቭን ሲጎዳ ደግሞ የኋላ እግሮቿ ይዝሉና ተረከዟን መሬት እያስነካች ትራመዳለች። የድመት የደም ስኳር በድንጋጤ ብቻ ሊያሻቅብ ስለሚችል በአንድ ምርመራ አይወሰንም፤ ሐኪሙ ሽንትንና ሌሎች ምልክቶችንም ያያል።

ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት

ኢንሱሊን የተገኘው በፈረንጆች አቆጣጠር 1921 በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ፣ በውሾች ላይ በተደረገ ምርምር ነበር። ከእንስሳት ምርምር ወደ ሰው የተሻገረው መድኃኒት ዛሬ እንስሳትንም ያክማል።

ለድመት አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት ይሰጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተወጋች የማታውም 1 ሰዓት ላይ ይሆናል። በቅድሚያ ምግቧ ይቀርብላታል፤ መብላቷ ሲረጋገጥ ትወጋለች። ካልበላች ወይም ካስመለሳት ሙሉውን መጠን መስጠት አደገኛ ስለሆነ ሐኪሙን ማማከር ይገባል። የመነሻው መጠን ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዩኒት ያህል ነው። መጠኑን የሚወስነውም የሚለውጠውም ሐኪሙ ብቻ ነው።

ሕይወት የሚያሳጣው ስህተት

ኢንሱሊን በተለያየ ክምችት ይዘጋጃል፤ ከእነዚህም መካከል በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ያለውና 100 ዩኒት ያለው ይገኙበታል። ለእንስሳት ከሚዘጋጁት አንዳንዶቹ ባለ 40 ሲሆኑ፣ በሰው ሕክምና የተለመደው ባለ 100 ነው። መርፌዎቹም በዚያው ልክ ይለያያሉ።

ባለ 100ውን ኢንሱሊን በባለ 40 መርፌ “ሁለት” ከሚለው መስመር ድረስ የቀዳ ሰው የሚሰጠው አምስት ዩኒት ነው፤ ይህም ድመቷን ሊገድላት ይችላል። በተቃራኒው ባለ 40ውን በባለ 100 መርፌ ሁለት መስመር የቀዳ ደግሞ አንድ ዩኒት እንኳ አልሰጠም። ስለዚህ በመድኃኒቱ ጠርሙስና በመርፌው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑ በየጊዜው መታየት አለበት። በቤቱ ውስጥ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ቢኖርም ከእርሱ ጠርሙስ በግምት ለድመት መቅዳትም ሆነ መርፌ መጋራት ፈጽሞ አይገባም።

አወጋግና አያያዝ

የአንገት ጀርባ ወይም የጎን ቆዳ በሁለት ጣት ከፍ ተደርጎ ይያዝና መርፌው ከሥሩ ይገባል። ቦታውን በየጊዜው መቀያየር ይመከራል። መድኃኒቱ ጸጉሯ ላይ ከፈሰሰ ምን ያህል እንደገባ ስለማይታወቅ ዳግመኛ አይወጋም፤ ቀጣዩ ሰዓት ይጠበቃል።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በረዶ የሠራ ግን ይጣላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በሁለት የሸክላ ማሰሮዎች መካከል እርጥብ አሸዋ አድርጎ ጠርሙሱን በውስጠኛው ማስቀመጥ ከሙቀት ያድነዋል። ይህ ዘዴ ግን ማቀዝቀዣን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ያገለገለ መርፌ ልጅም ከብትም እንዳይወጋ በወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ተከድኖ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ስኳሯ ሲወርድ

ድካም፣ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥና መንፈራገጥ የደም ስኳር እጅግ የመውረዱ ምልክቶች ናቸው። መዋጥ የምትችል ከሆነ ወዲያው ምግብ ይሰጣት። ራሷን ከሳተች ማር ወይም በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ድዷ ላይ ይቀባ። ወደ ጉሮሮዋ ማፍሰስ ግን ያንቃታል። ብትነቃም ባትነቃም ወደ ሐኪም ትወሰድ።

ምግቧ

ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። እንጀራና ሽሮ የስኳር ሕመምተኛዋን ድመት አይጠቅሟትም። በጾም ወራት ቤተሰቡ ከሥጋ ሲርቅ ድመቷም አብራ ልትጾም ትችላለች፤ ለታመመችው ግን የተቀቀለ ሳንባ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል ለብቻ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ጉበት በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ስለሆነ የየዕለት ምግቧ አይሁን። ምግቧ በድንገት ሲለወጥ የኢንሱሊን ፍላጎቷ ሊቀንስ ስለሚችል ለውጡ በሐኪም ምክር ይደረግ።

በጊዜ ከታከሙና ተስማሚ ምግብ ካገኙ ድመቶች መካከል በርካቶች ከወራት በኋላ ያለ ኢንሱሊን መኖር ይችላሉ። በሌላ በኩል ሕክምናው ወጪና የዕለት ተዕለት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከመጀመር በፊት አቅምን ከሐኪሙ ጋር በግልጽ መነጋገር ነውር የለውም። ለጀመረው ሰው ግን አንድ ደብተር ይበቃል፦ የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ ክብደቷን፣ የተወጋችበትን ሰዓትና መጠን በየቀኑ መጻፍ። ሐኪሙ ቀጣዩን ውሳኔ የሚሰጠው ያንን ደብተር አይቶ ነውና።