ትንፋሽ አለ፣ እግርስ? የተራራ ብስክሌተኛ የመጀመሪያ ማራቶን

ሁለት ዓመት ሙሉ በተራራ ብስክሌት አቀበት ስትገፉ ከርማችኋል እንበል። ጓደኞቻችሁ ሲያለከልኩ እናንተ ወሬ ታወራላችሁ። አንድ ቀን «ይህን ሁሉ ትንፋሽ ይዤ ማራቶን ያቅተኛል?» ብላችሁ የመሮጫ ጫማ አሰራችሁ። 15 ኪሎ ሜትር ሮጣችሁ፣ ብዙም ሳይደክማችሁ ተመለሳችሁ። በማግስቱ ግን ደረጃ መውረድ አቃታችሁ፤ ሰውነታችሁ እንዳለ ተሳሰረ። ምን ተፈጠረ?

ከሳይክሉ ያተረፋችሁት

አቀበት በገፋችሁ ቁጥር ልባችሁ ይጠነክራል፤ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል። በጭን ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ በኦክስጅን ኃይል የሚያመርቱት ሚቶኮንድሪያዎችም እንዲሁ። ይህ ሀብት ስትሮጡም አብሯችሁ ነው። ትንፋሻችሁ ያልከዳችሁ ለዚህ ነው።

ሳይክሉ ያላስተማራችሁ

ፔዳል ስትገፉ የጭናችሁ ጡንቻ እያጠረ ነው የሚሠራው፤ ክብደታችሁን ደግሞ በአብዛኛው መቀመጫው ይሸከምላችኋል። ሩጫ ላይ ግን ተሸካሚ የለም። እግራችሁ መሬት በነካ ቁጥር ከክብደታችሁ ከ2 እስከ 3 እጥፍ የሚሆን ጫና ያርፍበታል። 60 ኪሎ ብትመዝኑ ከ120 እስከ 180 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ያውም በአንድ እግር! በደቂቃ 170 ጊዜ እየረገጣችሁ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ4 ሰዓት ብትጨርሱ፣ ይህ ከ40,000 ጊዜ በላይ ይደጋገማል።

በዚያች ቅጽበት ጉልበታችሁ እንዳይከዳችሁ የጭን ጡንቻ እንደ ፍሬን ይይዛል፤ እየያዘም ይለጠጣል። እየተለጠጡ መሥራት ያልለመደን ጡንቻ በጥቃቅኑ ይጎዳል። ሕመሙ የሚብሰው ወዲያው ሳይሆን ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ደግነቱ ጡንቻ ቶሎ ይማራል፤ ያንኑ ሩጫ ከሳምንት በኋላ ብትደግሙት ሕመሙ በጣም ይቀንሳል።

ዋናው አደጋ

አጥንትና ጅማት ግን እንደ ጡንቻ ፈጣን አይደሉም። አጥንት ጫና ሲበዛበት ራሱን ያድሳል። ነገሩ እንደ ቤት እድሳት ነው፤ መጀመሪያ አሮጌው ይፈርሳል፣ ከዚያ አዲሱ ይሠራል። አንዱ ዙር ወራት ይፈጃል። አዲሱ ሳይጠነክር ጫናውን ከቆለላችሁበት አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በአስፋልት ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የታችኛው የጀርባ አጥንታቸው ጥግግት ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አሳይተዋል። የተራራ ብስክሌተኞች መንገዱ ስለሚያንገጫግጫቸው ሻል ይላሉ፤ መንገጫገጭ ግን ሩጫን አይተካም።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ጀማሪ ትንፋሹ ያቆመዋል፤ አጥንቱ ሳይጎዳ ደክሞት ይቀመጣል። እናንተን ግን የሚያቆም የለም። ጠንካራው ልባችሁ እግራችሁ ከሚችለው በላይ ይወስዳችኋል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

በትንፋሻችሁ ሳይሆን በእግራችሁ ልክ ሩጡ። ከ5 ወይም 6 ወር በፊት ጀምሩ። መጀመሪያ ላይ በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እየዘለላችሁ፣ ሩጫና እርምጃ አቀላቅሉ፤ ርቀቱንም ቀስ በቀስ ጨምሩ። ልብ የሚያስጨንቀውን ከባድ ልምምድ ለሳይክሉ ተዉለት። አጥንት ላይ አንድ ቦታ ብቻ የሚያም፣ ስትሮጡም የሚብስ ሕመም ከተሰማችሁ በቃ፣ አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስንቅም አትርሱ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር 60 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ ለማራቶን ወደ 2,500 ማለት ነው። በጡንቻና በጉበት የሚጠራቀመው ካርቦሃይድሬት ግን 2,000 አካባቢ ነው። የቀረውን ስብ ቢያሟላም በዝግታ ነው፤ ብዙ ሯጮች ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ድንገት የሚዝሉት ለዚህ ነው። ሳይክል ላይ መብላት ይቀላል፤ ስትሮጡ ሆዳችሁም ይናጣል። ስለዚህ እየሮጡ መመገብንም ቀድማችሁ ተለማመዱ።

ዕድሜያችሁ 18 ካልሞላ ብዙ ማራቶኖች አይቀበሏችሁም፤ አጥንታችሁን ለማዘጋጀት ግን ጊዜ አላችሁ ማለት ነው። እስቲ ዛሬ 20 ደቂቃ ብቻ በዝግታ ሩጡ። ከሁለት ቀን በኋላ የትኛው ጡንቻ እንዳመማችሁ ጻፉ። በሳምንቱ ድገሙትና አወዳድሩ። ሰውነታችሁ ሲማር በራሳችሁ ታያላችሁ።