የአርዲቦ ደለል የመዘገበው

ወሎ ለምን ተራቆተ? ጥያቄው ከ1966ቱ ረሃብ ወዲህ ሲነሳ ኖሯል፤ ከ1977ቱ በኋላ ደግሞ ዓለም ሁሉ መልሱን ያወቀ መሰለው። ገበሬው ደኑን ጨፈጨፈ፣ አፈሩ ታጠበ፣ ረሃብ መጣ፤ በቃ። በኋላ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዝዳንት የሆኑት አል ጎር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያ ደን በአራት አስርት ዓመታት ብቻ ከ40 በመቶ ወደ 1 በመቶ አሽቆለቆለ ብለው ጽፈዋል። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ሲመረምሩ አስተማማኝ መሠረት አላገኙለትም። ያም ሆኖ ቁጥሩ እስከ ዛሬ በየስብሰባው ይጠቀሳል።

ከሁሉ የተሻለው ምስክር ያለው አርዲቦ ሐይቅ ውስጥ ነው። አርዲቦ ከደሴ በስተሰሜን፣ በተሁለደሬና በወረባቡ ወረዳዎች መካከል፣ ከጎረቤቱ ከሎጎ ሐይቅ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ተኝቷል። በዙሪያው ካሉት ተራሮች በየክረምቱ የሚታጠበው አፈር፣ ነፋስ የሚያመጣው የአበባ ብናኝና የቃጠሎ ከሰል ወደ ውሃው ወርደው ከሥሩ በየዘመናቸው ይደራረባሉ። አጥኚዎቹ ኢየን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምና መሐመድ ዑመር ከሁለቱ ሐይቆች ደለል በቱቦ አውጥተው፣ ብናኙን በማይክሮስኮፕ ለይተው ቆጠሩት፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ።

ያገኙት ነገር የተለመደውን ታሪክ ያፈርሳል። ዝግባና ጥድ የነበረው ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ለ1800 ዓመት ያህል አገሩ ክትክታና ሣር ነበር። ከ1400 እስከ 1700 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ግን ጥዱ ወይራን አስከትሎ ተመልሶ መጣ። አጥኚዎቹ ምክንያቱ የአየር ጠባይ ለውጥና ሰው አካባቢውን ለቅቆ መሄዱ ሊሆን ይችላል ይላሉ። በመጨረሻዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት ደኑ እንደገና ተመነጠረ፤ የአፈሩ መታጠብም ተባባሰ። እንግዲህ ችግሩ እውነት ነው፤ ሐሰቱ በአንድ ትውልድ የደረሰ ጥፋት ነው መባሉ ነው። ዶናልድ ክራሚ የተባሉ የታሪክ ምሁርም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሱ የወሎ ፎቶግራፎችን ይዘው፣ እነዚያኑ ቦታዎች ከስልሳ ዓመት በኋላ ዳግም ቢያነሱ በብዙዎቹ ላይ ዛፍ በዝቶ አገኙት። አብዛኛው ባሕር ዛፍ መሆኑ ሌላ ጨዋታ ነው።

ይህ የምሁራን ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት። ነገር ግን አጥፊው ገበሬው ነው ተብሎ ሲታመን፣ ማስተካከያውም በትእዛዝ ሆነ። በደርግ ዘመን የዓለም የምግብ ፕሮግራም በሚሰጠው እህል በወሎ ተራሮች ላይ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ኮረብታ ተከለለ። የቀን ዋጋው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከደሴ በስተደቡብ በማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቶ፣ ከእያንዳንዱ ማሳ የሚታጠበው አፈር ይለካ ጀመር። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ልፋቱንም አናቃልም።

ገበሬው ግን የራሱ ስሌት ነበረው። እርከኑ ከጠባቧ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል፤ በሬ ለማዞር አያመችም፤ በድንጋዩ መሃል አይጥ ይራባል፣ አረም ይበቅላል። ዛፉ ሲያድግ የማን ይሆናል? መሬቱስ በሚቀጥለው ሽግሽግ ለማን ይደርሳል? መልስ አልነበረም። እናም በ1983 መንግሥት ሲወድቅ የጋራ የተባለው ደን በብዙ ቦታ ተቆርጦ ለቤት መሥሪያና ለገበያ ዋለ፤ እርከኑም ፈረሰ። ይህን የገበሬው ድንቁርና ነው የሚል ሰው አሁንም አይጠፋም። እኔ የማየው የባለቤትነት ጥያቄን ነው። ሰው የእኔ ያላለውን አይጠብቅም።

ከ1995 ወዲህ በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ ያንን ጥያቄ በከፊል መልሷል። በየዓመቱ በበጋ የሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ ግን ዛሬም ብዙውን ጊዜ ከላይ በሚወርድ ኮታ ይመራል።

አሁን ደግሞ ጥያቄው ከተራራው ወደ ውሃው ወርዷል። ከአርዲቦ የሚወጣው ወንዝ ወደ ሎጎ ሐይቅ ይወርዳል፤ በበጋ ለመስኖ ስለሚጠለፍ ግን ታችኛው ሐይቅ የሚደርሰው ይቀንሳል። ሎጎ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ የሚቀርበትን ውሃ የሚተካለት ዝናብና በዙሪያው የሚወርደው ብቻ ነው። ጫትና አትክልት የሚያለማው አርሶ አደር ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያው መስኖ ነው፤ ተው ማለት አይቻልም። ሆኖም ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የሐረማያ ሐይቅ የደረቀው እንዲሁ ነው፤ ለጫትና ለድንች ከሚሳበው ሌላ የሐረር ከተማ መጠጥ ውሃም ከዚያው ይወሰድ ነበር፤ ደለሉ ተጨመረበት።

ስለዚህ ለአርዲቦ የሚያስፈልገው ሌላ የችግኝ ዘመቻ ሳይሆን፣ ከላይና ከታች ያሉት ተጠቃሚዎች ተቀምጠው የሚስማሙበት የውሃ ድርሻ ነው። ሕጉ ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ የመመካከር መብት አለው ይላል። በተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር መሪነት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በአንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው የግል ጉዳት ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን የሚጎዳን ማንኛውንም ሰው በመቃወም ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይፈቀድለታል።