ስለ ሚክሰር አቋራጭ ቁልፎች

በደቡብ ጎንደር ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ የታወቀ ነው። የዜማ ተማሪ ከቃሉ በላይ የተጻፈችውን አንዲት ወይም ሁለት ፊደል ባየ ጊዜ ረዘም ያለውን ዜማ ያነሣል። በኮምፒዩተር ሙዚቃ ለምናቀናብር ተማሪዎችም አቋራጭ ቁልፍ ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም፤ ይኸውም በአንድ ንክኪ ብዙ ሥራ መጥራት ነው።

የማሲንቆ፣ የከበሮና የዘፋኝ ድምፅ ለየብቻው ከተቀዳ በኋላ ልኩ የሚስተካከለው ሚክሰር በተባለው ገጽ ላይ ነው። ገጹን ለመክፈት በኤፍ ኤል ስቱዲዮ ኤፍ 9፣ በኩቤዝ ኤፍ 3፣ በሪፐር ኮንትሮልን ከኤም ጋር፣ በሎጂክ ደግሞ ኤክስን እንጫናለን። በሎጂክ የተመረጠውን ድምፅ ኤም ዝም ያሰኘዋል፣ ኤስ ለብቻው ያሰማዋል። ጥቅሙ ጊዜ ማትረፍ ብቻ አይመስለንም፤ እጅ ማውስ ሲፈልግ፣ ማሲንቆው በከበሮው የተዋጠበት ቦታ ከጆሮ ያመልጣልና።

ለአማርኛ ጸሓፊ ግን አንድ ልዩ ችግር አለ። የየድምፁን ስም በአማርኛ ጽፈን የፊደል ገበታውን ወደ ላቲን ሳንመልስ ኤክስን ብንጫን፣ ፕሮግራሙ ቁልፉን ላያውቀው ይችላል። ኤፍ 9 እና ኤፍ 3 ፊደል ስላልሆኑ ቋንቋው ቢለወጥም ያው ናቸው። በሪፐር የትእዛዝ ዝርዝር ውስጥ ሚክሰሩን ለወደዱት ቁልፍ መስጠት ስለሚቻል፣ ከነዚሁ ከኤፍ ቁልፎች አንዱን መምረጥ ይሻላል እንላለን፤ በላፕቶፕ ላይ ኤፍ ኤን የሚለውን አብሮ መያዝ ሊያስፈልግ ይችላል።