ዋልተርን ተከተሉት

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የሐበሻ ወላጆች ባገኙኝ ቁጥር የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «አንድ ልብ ወለድ ይህን ሁሉ ሳምንት ምን ያደርጋል? ልጁ እኮ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል!»

ዘጠነኛ ክፍል የምናነበው የሃርፐር ሊን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። 31 ምዕራፎች አሉት። ታሪኩ የ1930ዎቹ አላባማ ነው። ቶም ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር ሰው ነጭ ሴት ደፍሯል ተብሎ በሐሰት ይከሰሳል፤ ጠበቃ አቲከስ ፊንች ይቆምለታል፤ የአቲከስ ትንሽ ልጅ ስካውት ትተርክልናለች።

ተማሪዎቼ ወደ ችሎቱ ይቸኩላሉ። ችሎቱ ግን መጽሐፉ ሳይጋመስ አይመጣም። «እስከዚያ የልጆች ጨዋታ ብቻ ነው» እያሉ ያማርራሉ። ያኔ ዋልተር ካኒንግሃም የሚባለውን ልጅ ከምዕራፍ ምዕራፍ እንዲከተሉት አዛቸዋለሁ።

ምዕራፍ 2 ላይ ዋልተር ምሳ ሳይዝ ክፍል ይገባል። መምህሯ ሃያ አምስት ሳንቲም ላበድርህ ስትለው እምቢ ይላል፤ ካኒንግሃሞች የማይመልሱትን አይቀበሉም። አባቱም አቲከስ ለያዘለት የርስት ጉዳይ የከፈለው በማገዶና በአትክልት ነው። ምዕራፍ 3 ላይ እነስካውት ቤት ምሳ ይጋበዛል። ምግቡ ላይ ሽሮፕ ሲያፈስ ስካውት ትነውረዋለች። የቤቱ ሠራተኛ ካልፐርኒያ ወደ ማድ ቤት ወስዳ ትቆጣታለች፤ ማንም ይሁን ማን ደጃቸውን የረገጠ እንግዳ ነው። የእኛ ልጆች እዚህ ጋ ፈገግ ይላሉ፤ ይህን ቁጣ ከቤታቸው ያውቁታል።

ምዕራፍ 15 ላይ ቶምን ሊገድሉ በሌሊት እስር ቤቱን ከከበቡት ሰዎች መካከል ስካውት የዋልተርን አባት ትለያለች። ስለ ርስቱ ትጠይቀዋለች፤ ለዋልተር ሰላምታ ትልክበታለች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ይይዝና ሰዎቹን ይዞ ይሄዳል። መጽሐፉን ዘግተን ወደ ምዕራፍ 2 የምንመለሰው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ማጠቃለያ ያነበበ ተማሪ «ሰዎቹ ተበተኑ» ይላል፤ ለምን እንደተበተኑ ግን አያስረዳም። ምዕራፍ 23 ላይ ደግሞ ቶም ነጻ ይለቀቅ ብሎ ጁሪውን ለሰዓታት ያቆየው የካኒንግሃሞች ዘመድ እንደነበረ እንሰማለን።

ይህን ሁሉ ያየ ተማሪ ሌላም ያያል። ቶም ሮቢንሰን በሰፊው የሚናገረው በአንድ ምዕራፍ፣ በ19ኛው፣ ብቻ ነው። የሚሞተው እሱ ሆኖ ሳለ ታሪኩ በአብዛኛው የፊንቾች ነው። ይህ የመጽሐፉ ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተማሪዎቼም ሲሞግቱኝ ደስ ይለኛል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ማታ መጽሐፉን ይዞ ሲቀመጥ ስንት ገጽ እንደቀረው አትጠይቁት። ዋልተር ዛሬ ምን እንደገጠመው ይንገራችሁ፤ ደግሞ በአማርኛ ይሁን።