የጓሮ አትክልት ሥራና መንጋጋ ቆልፍ

ጎመንና ሰላጣ በጓሮ መትከል በከተሞቻችን አዲስ ነገር ባይሆንም፣ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ቀድሞ ዶማ ጨብጠው የማያውቁትን ጭምር ለዚህ ሥራ አነሣሥቷል። ሥራው ለአካልና ለገበታ የሚሰጠው ጥቅም አያጠያይቅም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ከአፈሩ ጋር ስለሚመጣው ጉዳት፣ በተለይም ስለ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ነው።

የበሽታው መንሥኤ ክሎስትሪዲየም ቴታኒ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ተሐዋሱ በፈረስ፣ በከብትና በሌሎች እንስሳት አንጀት ውስጥ ስለሚገኝ ከፋንድያና ከእበት ጋር ወደ አፈር ይወጣል፤ እዚያም ስፖር የሚባል ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ አትክልቱን ያሳመረው ፍግ ስፖሩንም ሊይዝ ይችላል። አየር በማይደርስበት ጥልቅ ቁስል ውስጥ ሲገባ ይራባል፤ የሚያመነጨው መርዝም በነርቭ በኩል ተጉዞ ጡንቻዎች እንዲላሉ የሚያደርገውን መልእክት ያግዳል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። አፍ አልከፈት ይላል፣ መዋጥ ይቸግራል፣ አንገትና ጀርባ ይገተራሉ፤ ከዚያም በትንሽ ድምፅ ሳይቀር የሚቀሰቀስ ብርቱ የጡንቻ መኮማተር ይከተላል። የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሲያዙ ሕይወት ያልፋል።

በተለማማጅ ሐኪምነቴ ዘመን ያየኋቸው አንድ አባት አይረሱኝም። ዶማ የመታትን የእግር ጣታቸውን በቡና ዱቄት ደፍነው ሥራቸውን ቀጥለው ነበር። ወደ እኛ የመጡት ቁስሉ ከደረቀ በኋላ፣ የጥርስ ሕመም መስሏቸው ነው። ባለቤታቸው በእርግዝና ጊዜ ተከትበዋል፤ እርሳቸው ግን በሕይወታቸው አንድም ጊዜ አልተከተቡም።

ይህ ልዩነት የእርሳቸው ቤት ብቻ አይደለም። በአዋቂነት ዕድሜ ክትባቱ ሲሰጥ የኖረው በዋናነት ለሴቶች ነው። አገራችን የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 የተረጋገጠውም በዚሁ ጥረት ነው፤ ስፖሩ ግን ከአፈሩ አልተወገደም። ታሞ የዳነ ሰው እንኳ በሽታው የመከላከል አቅም ስለማይሰጠው መከተብ አለበት። ከዚህ በፊት ተከትቦ የማያውቅ አዋቂ 5 ጊዜ ይከተባል፦ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ ከ4 ሳምንት፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ቢያንስ ከ6 ወር በኋላ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ቢያንስ በየአንድ ዓመት ልዩነት።

የቆሰለ ሰው ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ቡና፣ አመድ ወይም እበት መነስነስ ቁስሉን ይበልጥ ያበክላል። ጉዳቱ ጥልቅ ወይም የቆሸሸ ከሆነና ሰውየው ካልተከተበ፣ ከክትባቱ ሌላ መርዙን የሚያከሽፍ መርፌም ያስፈልገዋል።

ሽፍን ጫማ ምስማርን ብቻ ሳይሆን በባዶ እግር ቆዳ በኩል የሚገባውን የመንጠቆ ትልም ይከላከላል። ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ነፋሱን ከጀርባው ያድርግ፣ ጓንት ይልበስ፤ የተረፈውን በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፣ ሕፃናት ይጠጡታልና። ከርጭት በኋላ ላብና ምራቅ ከበዛ፣ የዓይን ብሌን ከጠበበ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙና ማጠብና ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።